የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ የጡት ወተት እንዴት አልበን እናስቀምጣለን?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ሐኪሞች ደግሞ ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ሌላ ውሃም እንዳይቀምስ ይመክራሉ። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ሦስት ወር ይጎድላል። እኔ ያንን ሦስት ወር የሞላሁት በእጄ እያለብኩ ነው።

ልምምዱን ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ። እኔ የጀመርኩት በዋዜማው፣ እሑድ ማታ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ታግዬ የሲኒ ቂጥ የማይሸፍን ወተት አገኘሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ፓምፕ ካለሽ ጥሩ። የኔ በውድ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ከረመ። የሚታጠበው ዕቃ ብዙ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዋጋ የለውም። እጅ ግን ቻርጅ አያልቅበትም።

ያሳተኝ «ማለብ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ማለብ ሲባል እጄ እንደ ላም ጫፉን ይዞ ወደ ታች መጎተት ጀመረ። የኛ ወተት ያለው ግን ከጫፉ ሳይሆን ከጥቁሩ ክብ ኋላ ነው። ጫፉን ስትጎትቺ ትርፉ ቁስል ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢና አፉ ሰፋ ያለ ንጹሕ ኩባያ ያዢ። ለብ ያለ እርጥብ ፎጣ ጡትሽ ላይ ጥቂት ደቂቃ አቆዪ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ አሻሺው። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርጊ፤ ከጫፉ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ራቅ ይበሉ። አሁን ወደ ደረትሽ ግፊ። መጭመቅ ገና ነው፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ መግፋት ነው። ከዚያ ጣቶችሽን አቀራርበሽ ጨምቂ፣ ልቀቂ። ግፊ፣ ጨምቂ፣ ልቀቂ። ጣትሽ ቆዳው ላይ አይንሸራተት። ካመመሽ አያያዝሽ ልክ አይደለም።

አንድ ሁለት ደቂቃ ምንም ላይወጣ ይችላል። ቀጥሎ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ፊን እያለ ይመጣል። ሲቀንስ ጣቶችሽን ወደ ሌላ ጎን አዙሪ፣ ከዚያ ጡት ቀይሪ። ጡቶቹን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እያቀያየርሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ጭንቀት ወተቱ እንዳይወርድ ይይዘዋል። እኔ ስልኬ ላይ የልጄን ቪዲዮ እከፍታለሁ። ሲስቅ ከተቀረፀው ይልቅ ሲያለቅስ የተቀረፀው ይሠራል።

ሥራ ቦታ በየ3 ሰዓቱ እለቢ። ከዘለልሽ ጡትሽ ይወጥርና ወተቱም እየቀነሰ ይሄዳል። ጡትሽ ቀልቶ፣ ግሎ ካተኮሰሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ መሥሪያ ቤትሽ የሕፃናት ማቆያ እንዳለው ጠይቂ። እኛ ጋ ስላልነበረ እኔ ወረቀት የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነበር የማልበው፤ አንዷ ባልደረባዬ በር ላይ ትቆምልኛለች። ሽንት ቤት ግን በፍጹም። እዚያ ምሳ የሚበላ አለ እንዴ?

የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ከኋላ አስቀምጪው፣ በሩ ላይ አይሁን። ትኩሱን ወተት ሳይቀዘቅዝ ከቀዘቀዘው ጋር አትቀላቅዪ። ቀኑን ጻፊበት። ከቢሮ ስታመጪው በረዶ ያለበት የምሳ ቦርሳ ይበቃል።

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት ቤት ስገባ የሁለት ቀን ወተቴ የለም። «ልጄ፣ ይሄማ ረግቷል ብዬ ደፋሁት» አሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። የጡት ወተት ሲቀመጥ ቅባቱ ከላይ ይሰፍራል፣ ቀስ ብሎ ሲወዘወዝ ይመለሳል። ይህን አልነገርኳቸውም። ስለዚህ ሞግዚትም ትሁን አያት፣ ቤት የሚቀረውን ሰው ፊት ለፊት አሳዪው። እሳት ላይ አይጣድም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፤ ዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ለብ ይላል። ልጁ ጀምሮ ያስተረፈውም ለማታ አይቀመጥም።

ጡጦ አልወድም። ማጠቡ አስቸጋሪ ነው፣ በደንብ ካልታጠበም ተቅማጥ ያመጣል። በሲኒ ይጠጣል። ልጁ ቀና ብሎ ይታቀፍ፣ የሲኒው ጠርዝ የታችኛውን ከንፈሩን ይንካ፣ በራሱ ይላስ። አፉ ውስጥ ማፍሰስ የለም። አማቴ ከኔ በተሻለ ለመዱት።

ባልሽ ደግሞ ሲኒዎቹን ይጠብ፣ የምትጠጪውን ያቅርብ። «ወተትሽ አነሰ እንዴ?» የሚለውን ግን ለራሱ ይያዘው። አጥሚት እወዳለሁ፣ ግን ወተት የሚያበዛው ጡት መጠባቱና መታለቡ ነው።

የመጨረሻው፣ ከመድረስሽ አንድ ሰዓት በፊት ልጁ አይጠጣ። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ እደውላለሁ። «እማማ፣ አሁን እንዳይሰጡት፣ እየመጣሁ ነው።» ጫማዬን ሳላወልቅ አጠባዋለሁ።