ለመጨረሻ ልጃቸው ቤት ማውረስ የሚፈልጉ እናቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናት ለመጨረሻ ልጇ የተለየ አንጀት አላት፤ ይህን የሚክድ ሰው ካለ ራሱ የበኩር ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ታላላቆቹ ትዳር ይዘው ወይም ባሕር ተሻግረው ሲሄዱ ቤት የሚቀረው፣ መድኃኒት የሚገዛው፣ ሐኪም ቤት ይዟት የሚመላለሰው እርሱ ስለሆነ፣ ቤቷን ለእርሱ ልተው ብትል የሚያስወቅሳት ነገር የለም። በውርስ ጉዳይ ላይ የምሠራ ጠበቃ እንደመሆኔ ዘወትር የሚያጋጥመኝ ችግር ያለው ይህ ፍቅር በሚሰፍርበት ወረቀት ላይ ነው። እናትየዋ ካረፈች በኋላ በወረቀቱ ጉድለት ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳውም ያው የምትሳሳለት ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ነገሩን በቃል መተው ነው። «ቤቱ የማሙሽ ነው፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» የሚል የአልጋ ላይ ቃል ለለቅሶ ቤት ወሬ እንጂ ለፍርድ ቤት አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገርን የቃል ኑዛዜ የሚቀበለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ተናዛዡ በሕይወት ከቆየም ቃሉ ከሦስት ወር በኋላ ውድቅ ይሆናል። ዛሬ በ500 ብር የቤቱን በር ቁልፍ ማስቀየርም የሚቻል አይመስለኝም።

ሁለተኛው ስህተት ደሜን የሚያፈላው ነው። ሰፈር ውስጥ ጽሑፍ ያውቃል የተባለ ሰው ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ «እኔ ወይዘሮ እገሊት ማንም ሳያስገድደኝ በሙሉ ፈቃዴ» ተብሎ ይጀመራል፣ እናት አውራ ጣታቸውን ያትማሉ፣ ምስክሮቹም ተራ በተራ ይፈርማሉ። ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል፤ ኑዛዜው በተናዛዥዋና በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበቡን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ግን የለም። ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ የመነበቡ ነገርና ቀኑም በራሱ በኑዛዜው ላይ እንዲጻፍ፣ ወዲያውኑም ሁሉም እንዲፈርሙ ያዛል፤ ይህ ካልተሟላ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። አንዲት መስመር ናት! ስለዚህች መስመር መጉደል እናቱን ለዓመታት አቅፎ ያነሣና ያስተኛ አንድ ደንበኛዬ ቤቱን ከአራት ታላላቆቹ ጋር ተካፈለ፤ መግባባት ስላልቻሉም ቤቱ በጨረታ ተሽጦ አንድ አምስተኛውን ይዞ ወጣ። ጸሐፊውን ሳነጋግረው «ተነቦ ነበር እኮ፤ እኔው ነኝ ያነበብኩት» አለኝ። አንብቦ ነበር፤ አልጻፈውም። ለዚህ ነው ወደ እኔ የሚመጡ እናቶችን ሁሉ ሰነድ ወደሚያረጋግጠውና ወደሚመዘግበው መሥሪያ ቤት እንዲሄዱ የምለምናቸው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን የሚያከናውን ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፣ ሥርዓቱንም የሚያውቅ ሰው ይከታተለዋል። በነገራችን ላይ ተጠቃሚው ልጅ ወይም ሚስቱ ምስክር ሆነው እንዲፈርሙ ማድረግ ለተከራካሪ ወገን ነገር መስጠት ነው።

በራስ እጅ ጽፎ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚናዘዙትም እንዲሁ ዋጋ የለውም።

ብዙ እናቶች የራሳቸው ያልሆነውንም ይናዘዛሉ። ባል ካረፉ ቆይቶ ካርታው በእናት ስም ብቻ ቢሆንም፣ በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የባል ግማሽም በሞታቸው ለልጆቻቸው ሁሉ በእኩል ተላልፏል። እናት መናዘዝ የሚችሉት በቀሪው ግማሽ ላይ ነው። «ጭቃውን በእጄ አቡክቼ ያቆምኩት ቤት ግማሹ ብቻ ነው የእኔ?» ብለው የተቆጡኝ እማማ ነበሩ፤ ካርታውን ከፌስታሉ አውጥተው፣ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያመጡትን የግብር ደረሰኝ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድረው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ግን ደረሰኙ የባላቸውን ድርሻ አያጠፋውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በደላላ ምክር የሚደረገው የይስሙላ ሽያጭ ነው። «ስጦታ ከሆነ ያስፈርሱታል፣ ሽያጭ ከሆነ ማንም አይነካውም» ይባላሉ፤ እናትም አንድ ሳንቲም ሳይቀበሉ ገንዘቡን ቆጥሬ ተረክቤአለሁ ብለው ይፈርማሉ። ሌሎቹ ልጆች ገንዘቡ በየትኛው ባንክ ገባ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ከዚህ የከፋው ግን ማንም የማያስበው ነው፦ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ባለትዳር በስጦታ ወይም በውርስ ያገኘው ንብረት የግሉ ሆኖ ሲቆይ፣ በጋብቻ ጊዜ የገዛው ግን የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ ትዳሩ በፈረሰ ዕለት እናት ከራሳቸው ልጆች የሸሸጉት ቤት ለምራታቸው ሊካፈል ነው ማለት ነው። ምራቲቱ ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች፤ እናት ያሰቡት ግን ይህን አልነበረም።

«ሁሉም ለትንሹ» ብሎ ሌሎቹን በዝምታ ማለፍም አያዋጣም። ተወላጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በግልጽ ተጽፎ፣ በቂ ምክንያቱም በኑዛዜው ላይ ሲሰፍር ነው፤ «ጧሪዬ እርሱ ነው» የሚለው ደግሞ ታናሹን ማመስገኛ እንጂ ታላቁን መንቀያ ምክንያት አይሆንም። ማበላለጥ ግን ይቻላል። ተወላጆች በኑዛዜው የተደረገውን የውርስ ድልድል ማስፈረስ የሚችሉት ከሚደርሳቸው ድርሻ ከሩብ በላይ ሲጎዱ ነው። የእናት ድርሻ 4 ሚሊዮን ብር ቢያወጣና ልጆቹ አራት ቢሆኑ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ይደርሰዋል፤ ለሦስቱ ታላላቆች 750 ሺህ፣ ለትንሹ 1 ሚሊዮን 750 ሺህ ብር ቢደለደል ታላላቆቹ በዚህ ምክንያት ማስፈረስ አይችሉም። ይህን ስሌት ሳሳያቸው «ይኸው ነው የፈለግሁት» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ምነው ሁሉም አስቀድመው በጠየቁ!

በቁም መስጠት የመረጡ እናቶች ደግሞ «እስከ ዕለተ ሞቴ የመኖርና የማከራየት የአላባ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚለውን፣ ማለትም ቤቱ በልጁ ስም ቢሆንም የሚጠቀሙበት እርሳቸው መሆናቸውን፣ ሳያስጽፉ ስም ያዞራሉ። ይህን ስነግራቸው «እሱ እኮ ገና ልጅ ነው፤ እኔን ምን ያደርገኛል?» ይሉኛል፤ ልጁ ከአጠገባቸው ተቀምጧል፣ ጸጉሩ ሸብቷል። ልጁ ክፉ መሆን አይጠበቅበትም፤ ቤቱን አስይዞ የተበደረውን መክፈል ካቃተው ባንኩ እናቱን አያውቃቸውም። የቤት ስጦታም እንደ ግልጽ ኑዛዜ ያለ ሥርዓት ይጠይቃልና ከላይ ስለ ማንበብና ስለ ምስክር የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሌሎቹን ልጆች ሳይነግሩ መጨረስ በሕግ አይከለከልም፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ገንዘብ ጣሪያና ወለል የሆነ እህት፣ ቤቱ የታናሿ መሆኑን ከተዝካር በኋላ ስትሰማ ሐዋላ የላከችበትን ወረቀት ሁሉ ይዛ ትመጣለች፤ ክርክሩም ዓመታት ይፈጃል። ያቺው ልጅ እናቷ በሕይወት ሳሉ ደውለው ቢያማክሯት ለታናሿ ከእናቷ ባልተናነሰ ትሳሳለት ይሆናል።

የቀበሌ ቤትን በተመለከተ ባጭሩ፦ ንብረቱ የመንግሥት ስለሆነ በኑዛዜም በስጦታም አይተላለፍም፤ ልጁ በኪራይ ይቀጥል እንደሆነ የሚጠየቀው ወረዳው ነው።