ከገበሬው እጅ፦ ጎንደር ላይ እህልና ቅቤ ያለ ደላላ እንዴት ይገዛል?

ቅዳሜ በጠዋት አዘዞ መግቢያ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከደምቢያ በኩል አህያ የሚነዱ፣ በአይሱዙ ላይ ጆንያቸውን ተደግፈው የመጡ ገበሬዎች ወደ ቅዳሜ ገበያ ይጎርፋሉ። ገበያው ሳይደርሱ ግን መንገድ ላይ የሚጠብቃቸው አለ። ጆንያው ይዳሰሳል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ጤፉ እዚያው እጅ ይቀይራል። ከሰዓት በኋላ ያው ጤፍ መደብር ውስጥ ተደርድሮ፣ ሌላ ዋጋ ወጥቶለት ታገኙታላችሁ።

እኔ የቤቴን ጤፍ፣ ሽምብራ፣ በርበሬና ቅቤ በቀጥታ ከገበሬ መግዛት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዋጋው ይረክሳል፤ ዋናው ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። እህሉ ጉድለት ቢኖረው የምጠይቀው ሰው አለኝ። እሳቸውም እህላቸው ሲደርስ የሚደውሉለት ሰው አላቸው። ይህን ለማግኘት የሄድኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ወሩን እወቁ

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ነገር ዓመቱን ሙሉ አለ። ገበሬው ጋ ግን ሁሉም ነገር ወር አለው።

ጤፍ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል። ተወቅቶ በብዛት ገበያ የሚወጣው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። በዚህ ጊዜ ገበሬው የሚከፍለው ዕዳና ግብር ስላለበት ጎተራውን ይከፍታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጤፍ ፍለጋ ብትወጡ የምታገኙት አብዛኛውን ነጋዴ ነው። ለጎንደር ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በጥምቀት ሳምንት አትግዙ። ጥር 11 ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ሁሉም ነገር ይወደዳል። ወይ ቀደም በሉ፣ ወይ ቃና ዘገሊላ ይለፍ።

ሽምብራ ዝናቡ ሊያባራ ሲል በዋልካ መሬት ላይ ይዘራል፤ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ጥር ላይ እሸቱ፣ ከዚያ በኋላ ደረቁ ይመጣል። የፎገራ ሽንኩርት የመስኖ ስለሆነ በበጋ ይደርሳል።

ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ደግሞ የሚከተሉት የጾሙን ቀን መቁጠሪያ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ላሟ ጾም ገባ ብላ ወተቷን አታቆምም። ስለዚህ ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ይከማቻል፣ ዋጋው ይወርዳል። የዓመት ቅቤዬን የምገዛው በሁዳዴ እኩሌታ ላይ ነው። ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀር ዋጋው ሽቅብ ይወጣል።

2. ለየትኛው ነገር ወዴት እንደምትሄዱ ወስኑ

ለጤፍና ለሽምብራ ወደ ደምቢያ፣ ቆላ ድባ፣ ወይም ወደ ማክሰኚት። ለሩዝና ለሽንኩርት ወደ ፎገራ፣ ወረታ። ለገብስ፣ ለባቄላና ለድንች ሽቅብ ወደ ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ። ሰሊጥ ከመተማ ይመጣል። አሳ ከፈለጋችሁ ጎርጎራ፤ ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ሲወርድ ትገዛላችሁ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን።

የየከተማውን የገበያ ቀን ከሚኒባስ ረዳቶች የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም አብራችሁ ጠይቁ። መውጣት ካልቻላችሁ ቅዳሜ ገበያ ራሱ ይበቃል፤ ግን በጠዋት።

ብቻችሁን አትሂዱ። የዕቁብ ወይም የማኅበር ጓደኞቻችሁን ሦስት አራት ቤት አሰባስቡ። አንድ ኩንታል ለሚገዛ ገበሬው ብዙ አይንቀሳቀስም። አምስት ኩንታል ለሚገዛ ግን ራሱ ጭኖ እቤት ድረስ ያመጣል።

3. ገበሬውን ከነጋዴው ለዩ

ጋቢና ዱላ ምልክት አይሆንም። ገበሬ ይዞ የሚመጣው አንድ ወይም ሁለት ጆንያ ነው። አሥር ጆንያ አንድ ዓይነት እህል ፊቱ የደረደረ ሰው ሰብስቦ ነው። ነጋዴ መሆን ነውር የለውም፤ እናንተ የምትፈልጉት ግን ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ አውሩ። «አያ፣ ይኼ ከየት ማሳ ነው? ዋልካ ነው ቀይ አፈር? መቼ ዘራችሁት? ዝናብ አግኝቶታል?» ያመረተው ሰው መልሱ ይረዝማል። ስለ ውርጩ ይነግራችኋል፣ ስለ ጎርፉ ይነግራችኋል። ያላመረተው «ጥሩ ጤፍ ነው፣ ውሰጂ» ብሎ ይዘጋዋል።

4. እህሉን በእጃችሁ ፈትሹ

ይህ ክፍል ላይ አትቸኩሉ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቸኩዬ ተሸውጃለሁ። ከላይ ያየሁት ነጭ ጤፍ ነበር። ቤት ወስጄ ጆንያውን ስገለብጠው ከወገቡ በታች አፈር የበዛበት ሰርገኛ ሆኖ ተገኘ። እናቴ ሁለት ቀን ሙሉ ወንፊት ይዛ ስትነፋ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ሸራ ይዤ እሄዳለሁ፤ «ይገልበጥልኝ» እላለሁ። የታመነ ሰው አይከፋውም። የሚከፋው ካለ ትታችሁ እለፉ።

ጤፍ ሲሆን ከጆንያው ታች አንድ ጭብጥ ውሰዱ። በመዳፋችሁ አሹትና እፍ በሉበት፤ ገለባው ይበራል፣ የቀረውን ቁጠሩ። ቆንጥራችሁ አኝኩት፤ አሸዋ ካለው ጥርስ ወዲያው ይነግራችኋል። ደግሞ ትንሽ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉ። ውሃው ከደፈረሰ አፈር አለው። በመጨረሻ አሽትቱት። ዝናብ ነክቶት የተወቃ እህል የሻጋታ ሽታው አይለቅም።

ስንዴና ገብስ ስትገዙ እንክርዳድ ፈልጉ። እንክርዳድ የበዛበት ዳቦ ራስ ያዞራል።

ለሽሮ የሚሆን እህል ፈጽሞ ተፈጭቶ አትግዙ። ምክንያቱ ከሽምብራው ጋር ሊቀላቀል የሚችለው ጓያ ነው። ጓያ ለወራት በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ደምቢያና ፎገራ ይህን በሽታ በደንብ ያውቁታል። ጥሬው ሳለ መለየት ቀላል ነው፦ ሽምብራ ክብ ሆኖ አፍንጫ ያወጣል፣ ጓያ ማዕዘን ማዕዘን ያለውና ጠፍጠፍ ያለ ነው። ከተፈጨ በኋላ ግን በዓይን ማንም አይለየውም።

በርበሬም ያው ነው፤ ዛላውን ግዙ። ጆሯችሁ ጋ አስጠግታችሁ ነቅንቁት፤ ደረቅ ዛላ ፍሬው ይንኳኳል። እጠፉት፤ ደረቁ ይሰበራል፣ እርጥቡ ይጎብጣል። ኪሎ እንዲያነሳ ውሃ የሚረጩበት አሉ፤ እርጥበት ደግሞ ሻጋታ ያመጣል። አምስት ስድስት ዛላ ከፈት ከፈት አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ግራጫ ወይም ጥቁር ዱቄት ካለ ተዉት። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ማመስም ሆነ ማብሰል አያጠፋውም።

ቅቤ በቢላ መሃሉ ይከፈት። ላይና ውስጡ አንድ ዓይነት መልክ ይኑረው። ጥቂት መዳፋችሁ ላይ አሹ፤ ንጹሕ ቅቤ በሰውነት ሙቀት ብቻ ይቀልጣል፣ እንደ ሊጥ የሚጎለጎል ነገር አይተውም። ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት ግማሽ ኪሎ ወስዳችሁ ቤት አንጥሩት። ስንት እንደ ቀረና ምን እንደ ዘቀጠ ስታዩ ሰውዬውንም አብራችሁ ታውቁታላችሁ።

ማር ላይ ሰው በከንቱ ይጣላል። «ረግቷል፣ ስኳር አለው» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ውሃ ውስጥ የማንጠብጠቡ ሙከራም አያስተማምንም። ቢቻል ቀፎው ያለበት ድረስ ሄዳችሁ ከነሰፈፉ ግዙ።

ወተት ከላም ባለቤት ብትገዙም አፍሉት። የላም ቲቢና ብሩሴሎሲስ የሚባሉት በሽታዎች በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ ላሟ ጤነኛ መስላ መታየቷ ማስረጃ አይሆንም። እንቁላል ውሃ ውስጥ ጨምሩት፦ የተኛው ትኩስ ነው፣ የቆመው ሰንብቷል፣ የተንሳፈፈውን መልሱ።

ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ከከተማው ዳር ስትገዙ በምን ውሃ እንደሚጠጣ ጠይቁ። ከተማውን አቋርጠው የሚወርዱ ወንዞች የከተማውን ቆሻሻ ይዘው ነው የሚወርዱት። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም አትክልተኛ ፈልጉ፤ ካላገኛችሁ ጥሬውን አትብሉ፣ አብስሉት።

5. በኪሎ ተነጋገሩ

ቁና ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሞልቶና ተስተካክሎ ሲሰፈርም ሌላ ነው። ተንጠልጣይ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ባዶውን ጆንያ አስቀድማችሁ መዝኑ። ገበሬው የራሱን እህል ኪሎ በዓይኑ ሲያይ እሱም ደስ ይለዋል፤ በሚዛን ብዙ ጊዜ የተጎዳው እሱ ነውና።

6. ዋጋ ቁረጡ

ሦስት ሰው «ዛሬ ጤፍ ስንት ዋለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መንገድ ላይ የቆመው ገዥ የሚሰጠውንም፣ መደብር የሚጠይቀውንም እወቁ። እኔ ሁልጊዜ በሁለቱ መሃል እቆርጣለሁ። አጥብቄ አልከራከርም። ዛሬ ከጉሮሮው የነጠቃችሁት ገበሬ ለከርሞ ምርጡን ለሌላ ነው የሚሰጠው።

ቤት ስትደርሱ ትክክለኛውን ዋጋ አስሉ። ለ100 ኪሎ የከፈላችሁት ላይ የመኪናውን፣ የተሸካሚውንና የማስለቀሚያውን ጨምሩ። ሲነፋ 4 ኪሎ ገለባና ጠጠር ከወጣ ድምሩን ለ96 አካፍሉ። ከሱቁ ዋጋ ጋር የምታወዳድሩት ይህን ነው። አንዳንድ ጊዜ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ለሁለት ኪሎ ምስር ቆላ ድባ ድረስ መሄድ አያዋጣም። ብዙ ለምትጠቀሙት ነገር ነው የሚያዋጣው።

ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ቢሆን ይሻላል። ቴሌብር ያላቸውም እየበዙ ነው፤ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

7. በደንብ አስቀምጡ

በርካሽ የተገዛ እህል ነቀዝ ከበላው ውድ ነው። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተርና በቆሎ ግን ይጠቃሉ።

መጀመሪያ መድረቁን አረጋግጡ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ነቅንቁ፤ ከዚያ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከደረቀ በኋላ ፒክስ የሚባለውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ተጠቀሙ። የውስጦቹ ሁለት ላስቲኮች እያንዳንዳቸው አየራቸው ወጥቶ ለየብቻ ይታሰራሉ። ውስጥ የገባ ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም። አይጥ እንዳይቀደው ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳም አርቃችሁ አስቀምጡት።

ስለ መድኃኒቱ አጥብቄ ልናገር። ገበያ ላይ የሚሸጠው የነቀዝ ክኒን እርጥበት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። ቤታችሁ አታስገቡት። ስትገዙም «መድኃኒት ገብቶበታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከረጢቱ ላይ የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ስንት ኩንታል እንደሚበቃችሁ በትክክል ታውቃላችሁ።

8. ደንበኛ ያዙ

እህሉ ካማራችሁ ስልክ ቁጥር ተቀበሉ፤ የመንደሩንም ስም። መስከረም ላይ ደውላችሁ ምን እንደ ዘሩ፣ አዝመራው እንዴት እንደ ሆነ ጠይቁ። የምትፈልጉትን መጠን ንገሯቸው፤ ከተናገራችሁ ደግሞ ውሰዱ። በቃላችሁ ካልተገኛችሁ መንገድ ዳር የሚጠብቀው ሰው እዚያው አለ። ጉድለት ካገኛችሁም ደብቃችሁ ደንበኛ አትቀይሩ፤ ፊት ለፊት ንገሯቸው። አንድ ዓመት ባቄላው ውስጥ ነቀዝ አግኝቼ ብነግራቸው፣ የጤፍ ደንበኛዬ ባለቤት በሚቀጥለው ገበያ አምስት ኪሎ ምትክ ይዘው መጡ።

ባዶ ጆንያና የማዳበሪያ ከረጢቱን አትጣሉ። ለናንተ ቆሻሻ ነው፤ በመኸር ወቅት ለነሱ የሚገዛ ዕቃ ነው። እኔ አጥቤ፣ አድርቄ እመልሳለሁ። ዘንድሮ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስልኬ ጠራ። «ወቅተን ጨርሰናል፣ ዝናብም አልነካው። ነጩን ለይቼልሻለሁ፤ ማዳበሪያዎቹን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።