አሜሪካ ውስጥ በዋስ መኪና በብድር እንዴት ይገዛል?

ሥራ ይዛችኋል፣ ደሞዝ ይገባል፣ ክሬዲት (ብድር በሰዓቱ የመክፈል ታሪክ) ግን ገና አልገነባችሁም። ዲለር (መኪና ሻጭ) ጋ ስትሄዱ ወይ አይሆንም ትባላላችሁ፣ ወይ ወለዱ ጣሪያ ይነካል። «ኮሳይነር አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው።

ኮሳይነር ዋስ ማለት ነው። አገር ቤት ሥራ ስንቀጠር ከምናቀርበው ተያዥ ግን ይለያል። ተያዥ የሚፈለገው ነገር ሲበላሽ ነው። እዚህ ግን ብድሩ አብዛኛውን ጊዜ ገና ከጅምሩ የዋሱም ዕዳ ሆኖ ክሬዲት ሪፖርቱ ላይ ይገባል። ነገ እሱ ቤት ሊገዛ ቢል የእናንተ መኪና አብሮ ይቆጠርበታል።

ሰው ከማስቸገራችሁ በፊት የራሳችሁን ሪፖርት እዩ። «አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም» (AnnualCreditReport.com) ላይ የሦስቱ ክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ የኤክዊፋክስ፣ የኤክስፒሪያንና የትራንስዩኒየን ሪፖርት በነፃ ይገኛል። ስህተት ካለ አስተካክሉ። አንድ ክሬዲት ዩኒየንም (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ጠይቁ፤ ማን ያውቃል፣ ዋስ ሳያስፈልጋችሁ ይቀር ይሆናል።

ካስፈለገ ቁጥሩን ሠርታችሁ ሂዱ። 20,000 ዶላር ለ5 ዓመት በ14 ከመቶ ወለድ ብትበደሩ፣ ወርሃዊ ክፍያው 465 ዶላር ገደማ ነው። ዋሱ ወለዱን ወደ 6 ከመቶ ካወረደላችሁ 387 ይሆናል። በ5 ዓመት ከ4,700 ዶላር በላይ ተረፈ ማለት ነው። ይህን ከደሞዝ ወረቀታችሁ ጋር ለምትጠይቁት ሰው አሳዩት። ቡና ላይ «ፊርማ ብቻ ናት» ብሎ መለመን ግን ነውር ነው። ፊርማ ብቻ አይደለችም። እምቢ ካለም አትቀየሙት።

ከዚያ ዲለር ጋ ሳትደርሱ ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን ቅድመ ፈቃድ አውጡ። ሁለት ሦስት ቦታ መጠየቅ ክሬዲት ይጥላል ብላችሁ አትስጉ፤ በ14 ቀን ውስጥ የተደረጉ የመኪና ብድር ጥያቄዎች ለክሬዲት ነጥብ ስሌቱ እንደ አንድ ይታያሉ።

ፊርማው ላይ አትቸኩሉ። የፌዴራሉ ደንብ ለዋስ የተለየ ማስጠንቀቂያ ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል፤ ዋሳችሁ ቁጭ ብሎ ያንብበው። በብዙ ግዛቶች አበዳሪው እናንተን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እሱ መሄድ እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። ዋስ መሆን ደግሞ ባለቤት አያደርግም። ስሙ ታይትሉ (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ላይ ካልገባ መኪናው የእሱ አይደለም፣ ዕዳው ግን የእሱም ነው። «በ3 ቀን መመለስ ይቻላል» የሚባለውን የሐበሻ ወሬ ደግሞ እርሱት። የ3 ቀኑ የፌዴራል ሕግ ዲለር ቤት የተገዛ መኪናን አይመለከትም።

ክፍያውን ከባንክ ሒሳባችሁ በራሱ እንዲቆረጥ አድርጉ። እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው። የአጎቴ ልጅ ፈርሞልኝ ነበር። ቤት ስቀይር ባንክም ቀየርኩና አንድ ወር ክፍያው ሳይገባ ቀረ። ደብዳቤው የሄደው አሮጌው አድራሻዬ ነው። 30 ቀን ካለፈ መዘግየቱ ለክሬዲት ድርጅቶች ሊነገር ይችላል፤ የእኔም ተነገረ። እሱ የሰማው ከእኔ ሳይሆን የቤት ብድር ሲጠይቅ ከባንኩ ሰው ነው። ደውሎ «ምነው ብትነግረኝ?» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም። ስለዚህ ዋሳችሁ የብድሩን ሒሳብ ራሱ ገብቶ የሚያይበትን መንገድ ከመጀመሪያው ቀን አመቻቹለት። ክፍያ ሊያመልጣችሁ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ ለእሱም ለአበዳሪውም ደውሉ።

ዋሱን ነፃ የሚያወጣ አንቀጽ ውሉ ላይ እንዳለ ጠይቁ፤ የመኪና ብድር ላይ እምብዛም አይገኝም። ዋናው መውጫ ሪፋይናንስ ነው። አንድ ሁለት ዓመት በሰዓቱ ከፍላችሁ ክሬዲታችሁ ሲቆም፣ ቀሪውን ዕዳ በራሳችሁ ስም ብቻ አዙሩት። አሮጌው ብድር መዘጋቱን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲመጣ ፎቶ አንስታችሁ ለዋሳችሁ ላኩለት።