ጠላው መድኃኒት ሲሸት፦ ከውኃ የሚመጡ የጠላ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ባሕር ዳር ውስጥ ጠላ ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚወቀሰው ጌሾው ነው፤ ቀጥሎ ብቅሉ፣ ከዚያም ጋኑ። የጠላ አብዛኛው ክፍሉ ግን ውኃ ነውና ጌሾ ከመቀየር በፊት ውኃውን መመርመር ይቀድማል። ቢራ ጠማቂ የብቅሉን ጭማቂ በሙሉ አፍልቶ ነው እርሾ የሚጨምረው፤ እኛ ግን ጥንስሱን የምንጥልበትንም ሆነ በመጨረሻ ድፍድፉ ላይ የምንሞላውን ውኃ ብዙ ጊዜ ጥሬውን ስለምንጨምር፣ ውኃው ይዞት የመጣው ነገር ሁሉ ሳይቀንስ ከጠላው ጋር ይቀላቀላል።

የመድኃኒት ሽታ

ጠላው ሲቀዳ ደህና ይመስላል፤ ወደ አፍ ሲጠጋ ግን የቁስል መድኃኒት ወይም የፕላስቲክ ሽታ ያመጣል፤ ከተዋጠ በኋላም ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ ይቆያል። ምክንያቱ በቧንቧ ውኃ ላይ ለጤና ሲባል የሚጨመረው ክሎሪን ነው። ክሎሪን ፌኖል ከሚባሉ ውሕዶች ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይፈጠራል፤ ይህንንም አፍንጫ እጅግ በጥቂቱ ይለየዋል። በወይራ የታጠነ ጋን ደግሞ ከጭሱ የተረፈ ፌኖል አለበት። ጠላ ለዚህ ሽታ የሚጋለጠው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል፤ ማጠኑን መተው ግን አያስፈልግም፤ ክሎሪኑን ማስወጣት ይበቃል።

እኔ ራሴ ለጥምቀት የጠመቅሁት አንድ ጋን ጠላ እንዲህ ሆኖብኝ ጌሾውን ስጠረጥር ከርሜ ነበር። ነገሩ የተገለጠልኝ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ነው። አንዱን በቀጥታ ከቧንቧ፣ ሁለተኛውን ሳይከደን ካደረ አፈ ሰፊ ባልዲ ቀዳሁ፤ እያንዳንዱን በመዳፌ ከድኜ ነቅነቅ አድርጌ አሸተትሁ። የመጀመሪያው በረኪና በረኪና አለ፤ ሁለተኛው ምንም አልሸተተኝም።

ስለዚህ ውኃውን አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ቀድቶ፣ ስስ ጨርቅ ብቻ ጣል አድርጎበት ማሳደር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የቸኮለ ሰው ክዳኑን ከፍቶ 15 ደቂቃ ያህል ያፍላው። ክሎሪኑ የሚወጣው በውኃው ገጽ በኩል ስለሆነ በጀሪካን ማሳደር ብዙም አይረዳም። በርሜሉ በበረኪና ታጥቦ ከሆነም ደጋግሞ ማለቅለቅ ይገባል።

ቶሎ መሆምጠጥ

ጠላ የራሱ የሆነ ኮምጣጣነት አለው፤ ችግር የሚሆነው ገና ጉሽ ሳለ ሆምጥጦ ሲገኝ ነው። ጋኑ በሚገባ ታጥቦና ታጥኖ እያለ ይህ ከተከሰተ፣ በተለይም በክረምት፣ ውኃው ይጠርጠር። ጉማራና ርብ አፈር ተሸክመው ወደ ጣና ሲገቡ የሐይቁ ውኃ ይደፈርሳል፤ ከዳር የተቀዳ ውኃም ከአፈሩ ጋር ተሕዋስያን ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ውኃ አስረግቶ፣ ከላይ የጠራውን ብቻ በንጹሕ ነጠላ አጥልሎ ማፍላት ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን ለማምከን በቂ ነው። ከፈላ በኋላ ተከድኖ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ውኃ የተሞላበት ድፍድፍ እርሾው ስለሚሞት መፍላቱን ያቆማል፤ ብዙዎችም ይህንን በብቅሉ ድክመት ያሳብባሉ።

ምላስ የሚጨብጥ ጣዕም

የጉድጓድ ውኃ ለሚጠቀሙ ሰዎች ፍንጩ ማንቆርቆሪያው ውስጥ አለ፤ ታችኛው ክፍሉ ነጭ ቅርፊት ካበጀ ውኃው ካልሲየምና ባይካርቦኔት በዝቶበታል ማለት ነው። ባይካርቦኔቱ የብቅሉን አሲድነት ስለሚያዳክም ከገለባው የሚጨብጥ ጣዕም ይወጣል። በደንብ የተቆላ አሻሮ የራሱ አሲድነት ስላለው ጉዳቱን ያቀልለዋል፤ ባልተቆላ የገብስ ብቅል ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ግን በግልጽ ይሰማዋል። ውኃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ነጩን ዝቃጭ ሳያናውጡ ከላይ መቅዳት ነው።

የብረት ጣዕምና መጥቆር

ጠላው ሳይታሰብ ጠቁሮ ደም ደም የሚል ከሆነ ውኃው ብረት አለበት፤ ብረት ከጌሾው ታኒን ጋር ሲገናኝ ይጠቁራልና። ከዕቃ ወደ ዕቃ ከፍ አድርጎ እያንቆረቆሩ አየር ማስገባትና ማሳደር ብረቱን ወደ ቀይ ዝቃጭ ይለውጠዋል፤ ከዚያ ማጥለል ነው። ዝገቱ የሚመጣው ከበርሜሉ ከሆነ ግን በርሜሉ ይቀየር።