ካንሽታት ፎልክስፌስት ከልጆች ጋር? ረቡዕን ምረጡ

በመስቀል ሰሞን ጀርመን ሽቱትጋርት ካላችሁ፣ ካንሽታት ፎልክስፌስት የሚባለውን ትልቅ የሕዝብ ፌስቲቫል ረቡዕ ሂዱበት። የቤተሰብ ቀን ስለሆነ ብዙዎቹ መጫወቻዎች ዋጋ ይቀንሳሉ። ቅዳሜ ማታ ግን ግፊያውም ስካሩም ለልጅ አይሆንም።

ዝርዝር ዩሮ ያዙ፤ ካርድ የማይቀበል ሻጭ አይጠፋም። በዳቦ የሚሸጠው ብራትቩርስት (የተጠበሰ ቋሊማ) አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። አሳማ የማትበሉ ከሆነ፣ ከማዘዛችሁ በፊት «ኦነ ሽቫይን?» (አሳማ የሌለበት ነው?) ብላችሁ ጠይቁ። ረቡዕ ጾም ነው ለምትሉም መላ አለ፦ በስኳርና በቀረፋ የተቆላ አልሞንድ። ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ከመጥበሻው እንደወጣ በሾጣጣ ወረቀት ይሰጧችኋል፤ ስኳሩ ያቃጥላልና ለልጆቹ ትንሽ አቀዝቅዙላቸው። መጠጥ ከገዛችሁ ብርጭቆውን መልሱ፣ ማስያዣ ከፍላችሁበታል።