የዲጂታል ስብስብ አሻራ፦ መቼ ይወሰዳል፣ እንዴት ይፈተሻል

አንድ ሙዚየም ስካን ያደረጋቸውን ሰነዶች በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ቢያስቀምጥና ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ተለያይተው ቢገኙ፣ ትክክለኛው የትኛው ነው? ይህን የሚለየው ቼክሰም ነው፤ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ አሻራ። ኤስኤችኤ-256 በሚባለው የስሌት ዘዴ ሲሰላ 64 ፊደልና አኃዝ ይሆናል፤ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ሌላ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ርዕስ፣ መለያ ቁጥርና የባለመብት መረጃ በምስሉ ፋይል ውስጥ የሚጻፍ ከሆነ መጀመሪያ ይጻፍ፤ አሻራው ከዚያ በኋላ ይወሰድ። አስቀድሞ ከተወሰደ፣ አንድ ቃል በታረመ ቁጥር ደህናው ፋይል «ተበላሽቷል» ይባላል። ሠራተኛውም ማስጠንቀቂያውን መናቅ ይለምዳል፤ እውነተኛው ብልሽት ሲመጣ የሚያየው አይኖርም።

ባግኢት በሚባለው፣ ፋይሎችን ከአሻራቸው ጋር በአንድ ላይ የማሸግ አሠራር ፋይሎቹ «ዳታ» በሚባል ፎልደር ይገባሉ፣ የአሻራው ዝርዝር ከጎኑ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። የዝርዝሩን አንድ ቅጂ ግን ሌላ ቦታ አኑሩ።

ቦታውን ቀድማችሁ አስሉ። ኤ4 ገጽ በ400 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) እና በ24 ቢት ቀለም፣ ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሳይታመቅ፣ 46 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 10,000 ገጽ በሦስት ቅጂ 1.4 ቴራባይት ያህል ይፈልጋል። ጄፔግ ለማሳያ ይሁን፤ እየታረመ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል።

ሦስቱ ቅጂዎች በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይሁኑ፣ አንዱ ከሕንፃው ይውጣ። ገልብጣችሁ እንደጨረሳችሁ ወዲያው መፈተሽ ያታልላል፤ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ትቶ ሜሞሪው ውስጥ የቀረውን ሊያነብ ይችላል። ነቅላችሁ መልሳችሁ ከሰካችሁ በኋላ ፈትሹ። በራሱ የሚያመሳስል ፕሮግራም እንደ ቅጂ አይቆጠርም፤ እዚህ በስህተት የተሰረዘውን እዚያም ይሰርዘዋል።

ቢያንስ በዓመት አንዴ ሁሉንም ፈትሹ። አሻራው ያልገጠመ ፋይል ሲገኝ ወዲያው አትተኩት፤ ሌሎቹን ሁለት ቅጂዎች አይታችሁ ከገጠመው ተኩ፣ ቀኑንም መዝግቡ። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ካልገጠሙ ዲስኮቹን አትጠርጥሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አሻራው ከተወሰደ በኋላ ፋይሉን ያረመ ሰው አለ።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው ማከማቻ) ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት ከተቀመጠ መረጃውን ሊያጣ ስለሚችል ለመደርደሪያ አይሆንም። ማግኔታዊ ቴፕ ይሻላል፤ ችግሩ ማንበቢያው ነው። ኤልቲኦ በሚባለው፣ በየትውልዱ ቁጥር በሚሰጠው የቴፕ ዓይነት፣ የኤልቲኦ-8 ማሽን ኤልቲኦ-7ን ያነባል፣ ኤልቲኦ-6ን ግን አያነብም። አዲስ ማሽን ሲገባ የአሮጌው ቴፕ ይዘት ተገልብጦ፣ አሻራው ተረጋግጦ እስኪያልቅ ድረስ አሮጌው ማሽን ከሥራ አይውጣ።