ያለ ሬዲዮ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ፦ የኤቲኤ ሴት አብራሪዎችን መንገድ አወጣጥ በጎጃም ካርታ መለማመጃ

ይህ መመሪያ በጎጃም ትምህርት ቤቶች ላሉ የታሪክና የጂኦግራፊ ክበቦች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን የጦር አውሮፕላኖች ከፋብሪካ ወደ አየር ኃይል ሰፈር ያደርሱ የነበሩ ሴቶች መንገዳቸውን እንዴት ያወጡ እንደነበር በራሳችን አገር ካርታ ሠርቶ ለማየት ይረዳል። ድርጅታቸው ኤር ትራንስፖርት ኦግዚለሪ፣ ባጭሩ ኤቲኤ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ 8 ሴቶች በጃንዋሪ 1940 (እ.ኤ.አ.) በፖሊን ጋወር መሪነት ሃትፊልድ ላይ ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ የተሰጣቸው ታይገር ሞዝ የተባለው ጣሪያ የሌለው የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነበር። በጁላይ 1941 ሐሪኬን የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ተፈቀደላቸው፣ ቀጥሎ ስፒትፋየር የተባለው ሌላ ተዋጊ፤ እንደ ሌቲስ ከርቲስ ያሉት ደግሞ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣዮችን እስከ ማብረር ደረሱ። በ1943 ደመወዛቸው ከወንዶቹ እኩል ሆነ።

ስለ ድፍረታቸው ብዙ ይነገራል፤ ስለ ሙያቸው ግን በቂ አይነገርም። ሲበሩ የሚያነጋግሩበት ሬዲዮ አልነበራቸውም፤ ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ መብረርም አልተማሩም። ካርታ፣ ኮምፓስና የእጅ ሰዓት ይዘው ምድሩን እያዩ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ከሥራው ትልቁ ክፍል ከመነሣት በፊት ጠረጴዛ ላይ ያልቅ ነበር።

የሚያስፈልጋችሁ የጎጃም 1:250,000 ካርታ በሁለት ቅጂ፣ የ60 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ (የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት ኮምፓስን ያሳስታል)፣ ፕሮትራክተር፣ ኮምፓስ፣ ሰዓትና የተቀረጸ እርሳስ ነው። በእስክሪብቶ አታስምሩ፤ መስመሩን ደጋግማችሁ ማጥፋት ይኖርባችኋል። ካርታውን በኮምፓስ ስታቀኑ ስልካችሁን ከጠረጴዛው አንሡ። መርፌው ያለ ምክንያት የዞረ ከመሰላችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ስልክ ነው።

መጀመሪያ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ቀጥታ መስመር አስምሩ። ርዝመቱ ወደ 144 ኪሎ ሜትር፣ ካርታው ላይ ደግሞ ከ57 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በላይ ይወጣል። ፕሮትራክተሩን ከካርታው የሰሜን መስመር ጋር አጋጥማችሁ አቅጣጫውን በሰዓት አዟዟር ለኩ፤ ወደ 165 ዲግሪ ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ ፕሮትራክተሩን ገልብጦ 345 ማንበብ። ያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና ሐይቅ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት «ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ቁጥሩ ከቃሉ ካልተስማማ እንደገና ይለካ።

የኮምፓስ ሰሜንና የካርታ ሰሜን አንድ አይደሉም። በእኛ አካባቢ መርፌው ወደ ምሥራቅ 3 ዲግሪ ገደማ ስለሚያዘነብል ከካርታው ቁጥር 3 ይቀነሳል፦ 165 የነበረው 162 ይሆናል። እነዚያ ሴቶች በሚበሩበት በ1940ዎቹ እንግሊዝ ግን ልዩነቱ 10 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ወደ ምዕራብ ስለነበር ይደምሩ ነበር። መደመርና መቀነሱን ያምታታ ተማሪ እዚህ 6 ዲግሪ ይስታል፤ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያልፋል።

ቀጥሎ ጊዜው ነው። ታይገር ሞዝ በሰዓት ወደ 145 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ለስሌት 150 እንበለው። በዚህ ካርታ 1 ሴንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በትክክል አንድ ደቂቃ ይሆናል። መስመሩን በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አጭር ጭረት አድርጉበት። አዴት 15ኛው ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ማለትም ነፋስ ከሌለ በ15ኛው ደቂቃ መታየት አለባት።

አሁን ሦስት ሰው መድቡ። አንዷ አብራሪ ናት፣ ካርታውን ትይዛለች። ሁለተኛው ሰዓት ይጠራል። ሦስተኛው ነፋስ ነው፦ በሁለተኛው ቅጂ ላይ አውሮፕላኑ በእውነት ያለበትን ቦታ በምስጢር እያንቀሳቀሰ «በቀኝ በኩል ከተማ ይታያል፣ ከሥራችን መንገድ አለ» ይላል እንጂ ስም አይጠራም። ጨዋታውን በእውነተኛው ደቂቃ አስኪዱት፤ ካፋጠናችሁት የሚቀረው ሒሳብ ብቻ ነው፣ ጭንቀቱን አታዩትም።

አዴት በ15 ፈንታ በ18ኛው ደቂቃ ብትታይ ፍጥነቱ ወደ 125 ወርዷል ማለት ነው፤ የጉዞው ጠቅላላ ጊዜ ከ58 ደቂቃ ወደ 69 ይረዝማል፣ ነዳጁም በዚያው ልክ ይታሰባል። አዴት ላይ ከመስመሩ 3 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ተገፍታችሁ ከሆነ የ60ን ደንብ ተጠቀሙ፦ በ60 ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር መሳት 1 ዲግሪ ነው። 3ን ለ37.5 (እስከ አዴት ላለው ኪሎ ሜትር) አካፍላችሁ በ60 ስታባዙ 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህን ብቻ ብታርሙ ከመስመሩ ጎን ለጎን ትሄዳላችሁ እንጂ ከተማው አትደርሱም። ለቀረው 106 ኪሎ ሜትር 2 ዲግሪ ጨምሩ፤ ድምሩ 7 ነው። ወደ ምሥራቅ ስለምትታጠፉ ከ162 ይቀነሳል፤ አዲሱ የኮምፓስ ቁጥር 155።

ምልክት ስትመርጡ የባሕር ዛፍ ጫካና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት መንደር አትመኑ፤ ከላይ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። በበጋ የሚደርቅ ጅረትም አይሆንም። አስተማማኙ ሁለት ነገር የሚገናኝበት ቦታ ነው፦ አስፋልት ወንዝ የሚሻገርበት፣ የጣና ዳር የሚታጠፍበት።

እስካሁን የተጠቀምንበት ቀጥታ መስመር ለሒሳቡ ጥሩ ነው፤ ልምድ ያላት አብራሪ ግን አትመርጠውም። ከአዴት በኋላ መስመሩ የጮቄን ምዕራባዊ ትከሻ ይይዛል። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ታይገር ሞዝ ሊወጣ የሚችለውም ወደ 4,100 ሜትር ብቻ ነው። ደመና ተራራው ላይ ቢቀመጥ ማምለጫ የለም። የኤቲኤ አብራሪዎች የባቡር ሐዲድና ወንዝ እንደሚከተሉ እኛም አስፋልቱን እንከተል፦ ከባሕር ዳር ዳንግላ 70 ኪሎ ሜትር በ236 (መርዓዊ በግራ ትቀራለች፣ ግልገል ዓባይ ይሻገራል)፣ ከዳንግላ እንጅባራ 37 በ160፣ ከእንጅባራ ቡሬ 31 በ149፣ ከቡሬ ደብረ ማርቆስ 83 በ116፣ ደምበጫን በግራ ትቶ። ቁጥሮቹ የኮምፓስ ናቸው፤ በካርታችሁ አመሳክሯቸው። ድምሩ 221 ኪሎ ሜትር፣ 88 ደቂቃ ተኩል ገደማ። የ30 ደቂቃ ጭማሪ ነው፣ ግን የሚያዋጣው እሱ ነው። ከእንጅባራ በቡሬና በደምበጫ በኩል የሚወስደው ይህ መስመር ጣሊያንን ለማስወጣት በዊንጌት መሪነት የዘመተው የጌዴዎን ጦር የሄደበት ነው፤ ዓፄ ኃይለ ሥላሴም መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ሴቶቹ ሐሪኬን የተፈቀደላቸው ከዚያ ሦስት ወር በኋላ ነው።

አየሩን የምትወስነው አብራሪዋ ናት። የኤቲኤ ዝቅተኛ ልክ የደመናው ሥር 800 ጫማ (240 ሜትር ገደማ)፣ እይታው 2,000 ያርድ (1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነበር። ከትምህርት ቤታችሁ 2 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቤተ ክርስቲያን ወይም ኮረብታ ምረጡና በሐምሌ ጧት ጧት ተመልከቱ፤ ካልታየ የዚያ ቀን በረራ ቀርቷል፣ ልምምዱም «አልሄድም» በሚል ይመዘገባል። ይህን መልስ ሙሉ ነጥብ ስጡት። ስመ ጥሯ ኤሚ ጆንሰን በጃንዋሪ 5፣ 1941 ከብላክፑል ወደ ኦክስፎርድ አጠገብ ወዳለው ኪድሊንግተን ስትበር በክፉ አየር ከመንገዷ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥታ በቴምዝ ወንዝ መግቢያ ሞታለች። እሷም ከኤቲኤ አብራሪዎች አንዷ ነበረች።

አንድ ልምምድ ይቀራል። ኤቲኤ ለየአውሮፕላኑ ዓይነት አንድ ትንሽ ካርድ ነበረው፤ አብራሪዋ አብርራው የማታውቀውን አውሮፕላን ካርዱን አንብባ ትነሣበት ነበር። እናንተ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ካርድ ላይ የትምህርት ቤቱን ጄኔሬተር አስነሣስ ጻፉ፦ ከክፍል ውጭ አውጣ፤ ዘይት እይ፤ የኤሌክትሪክ ጭነት አላቅ፤ የነዳጅ ቧንቧ ክፈት፤ ማብሪያውን አብራ፤ ቾክ (የአየር መዝጊያውን) ዝጋ፤ ገመዱን ሳብ፤ ሞተሩ ሲነሣ ቾክ ቀስ በቀስ ክፈት፤ ሲረጋጋ ጭነት መልስ። ከዚያ ጄኔሬተር ነክታ ለማታውቅ ተማሪ ካርዱን ብቻ ስጧት፤ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ይቁም፣ አደጋ ካላየ ግን አይናገር። ብዙ ካርድ የሚወድቀው ቾኩን መክፈት ሳይጻፍ ሲቀር ነው፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ይጠፋል፣ ካንዴላውም በነዳጅ ይርሳል። ያኔ የሚታረመው ካርዱ ነው፤ የጎደለውን መስመር ጨምራችሁ ለሌላ ተማሪ ስጡ።